ከቀዝቃዛው ባሕር ዳር ለመቆም

በማዕበል ላይ ሳንቃ አኑሮ መጋለብ በሞቃት አገር የተወለደ ጨዋታ ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ ሰርፊንግ የሚባለው ይህ ጥበብ ከጥንት ጀምሮ የሃዋይ ደሴቶች ሕዝብ፣ ባላባቱም ተራውም፣ የሚወዳደርበት የባሕር ግልቢያ ነበረ፤ ስሙ ሲነሣም በሰው ዐይነ ልቡና የሚሣለው የዘንባባ ጥላ፣ ነጭ አሸዋና ለብ ያለ ውሃ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ከዚህ ሥዕል ጋር ፈጽሞ ስለማይገጥም አንድ ባሕር ዳር፣ ወደዚያም ለመሄድ በቤታችን ስለሚደረገው ዝግጅት ነው።

ቦታው ኡንስታድ ይባላል። በሰሜን ኖርዌይ፣ ሎፎተን ከሚባሉት ደሴቶች አንዱ በሆነው በቬስትቮጎይ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ይገኛል። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 68 ዲግሪ ያለፈ፣ ከአርክቲክ ክበብም በላይ የሆነ ትንሽ ወሽመጥ ነው። በሦስት ወገን ተራራ ከቦት በአራተኛው ወገን አፉን ለኖርዌይ ባሕር ከፍቶ ይቀመጣል። ከወሽመጡ ዳር ጥቂት ቤቶችና የበግ ግጦሽ አሉ። ከዚህ በቀር ስሙን ከደሴቶቹ አልፎ የሚያስጠራው ነገር አልነበረውም። ነገር ግን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. ቶር ፍራንትሰንና ሃንስ ኤጊል ክራኔ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በገዛ እጃቸው ሳንቃ ሠርተው በዚህ ወሽመጥ ማዕበል ላይ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ኡንስታድ በብርድ አገር የማዕበል ግልቢያ ከሚታወቅባቸው ቦታዎች አንዱ ሆነ፤ በበረዶ በተሸፈነ አሸዋ ላይ ሳንቃቸውን ታቅፈው ወደ ባሕር የሚሮጡ ሰዎች በየዓመቱ ይታዩበታል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እኔ የማዕበል ጋላቢ አይደለሁም። የተወለድሁት በጎጃም ደጋ ነው፤ ባሕርን ያወቅሁት በመጽሐፍ፣ ውሃን ያወቅሁት በክረምት ወንዝ ነው። ወንዝ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ከእረኝነቱ ዘመን ጀምሮ የተማረ ሰው ውሃን በአክብሮት ያያል እንጂ አይጫወትበትም። ልጄ ግን ያደገው በትሮንድሄም ከተማ ነው፤ አሁን 19 ዓመት ሞልቶታል። ስታድ በሚባለው ልሳነ ምድር፣ በሆድቪክ ባሕር ዳር፣ ማዕበል መጋለብ ከተማረ አራት ዓመት ሆነው። ባለፈው መጸው አንድ ማታ እራት በልተን ስናበቃ፣ «አባዬ፣ በጃንዋሪ ኡንስታድ መሄድ እፈልጋለሁ፤ አንተ እንዳታስብ ብዬ ነው አስቀድሜ የምነግርህ» አለኝ። (እኔ አባቴን «እርስዎ» እያልሁ ነው ያደግሁ። ይሁን እንጂ ኖርዌጂያውያን «እርስዎ» ማለትን ከተዉ ብዙ ዘመን ስለ ሆነ፣ በዚህ አገር ያደገውን ልጅ ስለ አነጋገሩ አልወቅሰውም።)

አልሄድህም አላልሁትም። 19 ዓመት የሞላውን ሰው መከልከል ተሰውሮ እንዲሄድ መንገድ መጥረግ ነው። «እንግዲያስ አብረን እንሄዳለን» አልሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አባዬ፣ እዚያ ቆመህ ምን ትሠራለህ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚገባ ነበረ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ካርታ የዘረጋነው፣ የባሕሩን የሙቀት ልክ የመዘገብነው፣ በወረቀት ላይ እየጻፍን የሰረዝነው ሁሉ ለዚህች አንዲት ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነው ብል ከእውነት አልርቅም።

በመጀመሪያ የተከራከርነው በወሩ ነው። እርሱ ጃንዋሪን የመረጠው ብርቱ ማዕበል በክረምት ስለሚነሣ ነው፤ በዚህም ትክክል ነው። እኔ ግን በዚያ ኬክሮስ ፀሓይ ከዲሴምበር መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ድረስ ፈጽማ እንደማትወጣ አሳየሁት። በጃንዋሪ አጋማሽም ከአድማስ በላይ የምትቈየው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ይህም ተራራው ካልጋረዳት ነው። ከዚያ ወዲያ ቀኑ በየዕለቱ ዘጠኝ ዐሥር ደቂቃ እየጨመረ ይሄዳል። በማርች 20 ቀን ገደማ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ኡንስታድም እንደ ደብረ ማርቆስ 12 ሰዓት ያህል ብርሃን ታገኛለች። ከዳር ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ካላየ ምንም አይጠቅምምና እኔ ማርች ይሁን አልሁ። ልጄም ብርሃኑን ተቀበለኝ። ነገር ግን ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ጨመረልኝ፤ ባሕር እንደ አየር ቶሎ አይሞቅምና፣ ውሃው ይበልጥ የሚቀዘቅዘው በዲሴምበር ሳይሆን በማርች ነው አለኝ። እውነቱን ነው። የአትላንቲክ ሞቃት ጅረት እስከዚያ ድረስ ስለሚደርስ የሎፎተን ወደቦች በረዶ አይዘጋቸውም፤ ሆኖም በማርች የባሕሩ ሙቀት ከአራት እስከ ስድስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ነው። ስለዚህ ብርሃን ስንገዛ በብርድ ከፈልን። ከማርች 14 እስከ 24 ብለን ቈረጥን።

ከዚህ በኋላ ብርድ በሰው ላይ ምን እንደሚሠራ ማጥናት ጀመርሁ። በካናዳ በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ጉዳይ ያጠኑት ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብሬክት ነገሩን በሦስት ቍጥሮች አሳጥረው ያስተምራሉ፤ አንድ፣ ዐሥር፣ አንድ። ሰው ሳይዘጋጅ ከበረዶ ብዙ በማይሻል ውሃ ውስጥ ቢወድቅ፣ በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ሰውነቱ ደንግጦ ትንፋሹ አልታዘዝ ይለዋል፤ በዚያች ደቂቃ አፉ ከውሃ በታች ከሆነ ነገሩ አበቃ። ቀጥሎ ባለው ዐሥር ደቂቃ ጣቱና ክንዱ እየፈዘዙ ይሄዳሉ፤ ዋናተኛውም መዋኘት ይሳነዋል። አንድ ሰዓት ያህል ከቈየ ከቅዝቃዜው የተነሣ ራሱን ይስታል። ውሃ የሰውን ሙቀት ከአየር ሃያ አምስት ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳልና።

የጎማ ልብስ ይህን ሁሉ ያዘገያል፤ ፈጽሞ ግን አይሽረውም። ልብሱ የሚሠራው ኒዮፕሪን ከሚባል፣ በውስጡ እልፍ አእላፍ የጋዝ አረፋ ከቋጠረ ጎማ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ የፊዚክስ ሊቅ የሆኑት ሂዩ ብራድነር ካሰቡት ወዲህ ነው የብርድ አገር ሰው ማዕበል መጋለብን እንደ ልማድ ሊይዘው የቻለ። ለኡንስታድ የሚያስፈልገው በደረትና በጀርባ ስድስት ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ ራስንና አንገትን የሚሸፍን ቆብ ያለው ነው፤ በዚያ ላይ የጎማ ጓንትና ሰባት ሚሊ ሜትር የሆነ የጎማ ጫማ። ለጆሮውም መድፈኛ ገዛሁለት፤ ቀዝቃዛ ውሃና ነፋስ ለብዙ ዓመት የመታው ጆሮ በውስጡ አጥንት እያበቀለ ቀዳዳው ይጠብባል። እርሱ በዚህ ሳቀ፤ መድፈኛውን ግን ከኪሱ ከተተው።

ከንባቤ ሁሉ እንቅልፍ የነሣኝ ስለ ጣትና ስለ ክንድ የተጻፈው አይደለም። ብርድ የሰውን ውስጥ መንካት ሲጀምር አስቀድሞ የሚደበዝዘው ማመዛዘን ነው፤ መብረዱን ሊያውቅ የሚገባው አእምሮ ራሱ ይበርዳል። አንዲት ማዕበል ብቻ ልጨምር፣ ገና አልደከምሁም የሚለው ሰው የሚናገረው በዚያ በደበዘዘ አእምሮ እንደሆነ አያውቅም። እንግዲህ መቼ እንደሚወጣ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሊወስን አይችልም። ውሳኔው እዚህ፣ ሙቅ ቤት ውስጥ፣ ሻይ እየጠጡ መወሰን አለበት፤ እዚያ ደግሞ በደረቀ ሰው እጅ መያዝ አለበት። ልጄ «ቆመህ ምን ትሠራለህ?» ላለኝ ጥያቄ ግማሹን መልስ ያገኘሁት በዚህ ነው።

ሐሳቤን ስነግረው አልተቃወመኝም። ሰዎች በዚያ ውሃ ሁለት ሰዓት ይቈያሉ አለ፤ እኔ ግማሽ ሰዓት አልሁ፤ ተከራክረን በአንድ ሰዓት ተስማማን። ምልክታችንም በረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ብርቱካንማ ጨርቅ ሆነ፤ ማዕበል በሚጮኽበት ቦታ ድምፅም ፉጨትም አይሰማምና። ጨርቁ ከተነሣ ይወጣል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው ከወጣ በኋላ ነው። እርሱ በበኩሉ አንድ እጁን አንሥቶ ካወዛወዘ ችግር ገጥሞኛል ማለቱ ነው።

በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ከእጅ ሥራዋ ቀና አለች። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም ነበር። «እጁን ቢያነሣ አንተ ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ።

ወደ አስቸኳይ ጊዜ ስልክ እደውላለሁ አልሁ፤ 113 የሐኪም ነው፣ 120 የባሕር ነፍስ አድን ነው፤ ሄሊኮፕተሩ ቦዶ ላይ አለ፤ ሐኪም ቤቱም ከሌክነስ ከተማ አጠገብ፣ በግራቭዳል ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል በመኪና ይወስዳል። እርስዋም ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማችና፣ «እርሱን አልጠየቅሁህም። ልጅህ እጁን አንሥቶ እያየኸው፣ ደውለህ ትቆማለህ ወይስ ትገባለህ?» አለችኝ።

ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረኝም። ከማናችንም አልነበረም። ዋና የማያውቅ ሰው በአምስት ዲግሪ ውሃ፣ ያውም በተራ ልብሱ፣ ቢገባ ልጁ ዘንድ እንኳ ሳይደርስ እንደሚቀር ሦስታችንም እናውቃለን፤ አዳኞቹም ከአንድ ሰው ይልቅ ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። ይህን ማወቅ ሌላ፣ ቆሞ ማየት ሌላ ነው። ዝምታው ሲረዝም ልጄ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና፣ «አባዬ፣ ጨርቁን ስታነሣ እወጣለሁ ብዬ ቃል ገብቼልሃለሁ። አንተ ደግሞ ምንም ቢሆን ከጉልበትህ በላይ ውሃ ውስጥ አትገባም። ይህን ካልማልህልኝ እኔም አልሄድም» አለ። እኔ የእርሱን ነፍስ ለመጠበቅ ስደክም እርሱ የእኔን ሲያስብ እንደ ከረመ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ቃል ገባሁለት። እናቱም ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ነገር ጨመረች፤ አስቀድሞ ያነጋገራቸው ቢያንስ ሁለት ሌሎች ጋላቢዎች ውሃው ውስጥ ከሌሉ እርሱም አይገባም። ይህ ብቻ ነው ያለ ክርክር የጸደቀው።

በዚያ ሰሞን ስለ ሎፎተን ሳነብ ያገኘሁት አንድ ታሪክ አለ። ፔትሮ ኩዌሪኒ የተባለ የቬኒስ ሰው በ1431 ዓ.ም. የወይን ጠጅ ጭኖ ከቀርጤስ ወደ ፍላንደርስ ሲሄድ አውሎ ነፋስ መርከቡን ሰበረበትና፣ በጀልባ ተንሳፍፈው የተረፉት በ1432 ዓ.ም. ጃንዋሪ በሎፎተን ጫፍ፣ ከሮስት አጠገብ፣ ሰው ከሌለባት ደሴት ላይ ወጡ። መርከቡ 68 ሰዎች ይዞ ነበር፤ በመጨረሻ የተረፉት 11 ናቸው። የሮስት ዓሣ አጥማጆች አግኝተው ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው፤ እስከ ጸደይ ድረስም አበሏቸው፤ የሚያበሏቸውም ያለ ጨው በነፋስ የደረቀውን ኮድ የሚባል ዓሣ ነበር። ያ ዓሣ ዛሬም በማርች ወር እልፍ ሆኖ በእንጨት ማስጫ ላይ እየተሰቀለ ይደርቃል፤ ወደ ኢጣሊያና ወደ ናይጄሪያም ይላካል። ለልጄ ይህን ሳነብለት እርሱ በዓሣው ተደነቀ፤ እኔ በቍጥሩ።

ስለ ማዕበል ደግሞ አስተማሪው እርሱ፣ ተማሪው እኔ ነኝ። የማዕበል ቁመት ብቻውን ምንም አይናገርም አለኝ፤ የሚጠየቀው በአንዱ ማዕበልና በተከታዩ መካከል ስንት ሴኮንድ እንዳለ ነው። ስድስት ሰባት ሴኮንድ ከሆነ በአካባቢው ነፋስ የተነሣ ዝብርቅርቅ ውሃ ነው። 12 ወይም 14 ከሆነ ከሩቅ አውሎ ነፋስ ተወልዶ፣ መንገድ ላይ ተስተካክሎ የመጣ ነው። ባለ 14 ሴኮንዱ ማዕበል በጥልቅ ባሕር ላይ ጕልበቱን ይዞ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም በቀን ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ ወደ ግሪንላንድ በኩል የተነሣ አውሎ ነፋስ ኡንስታድን የሚጐበኛት ሁለት ሦስት ቀን ቈይቶ ነው፤ ማን እየመጣ እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ይቻላል። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ቢነፍስ የማዕበሉን ፊት ያለሰልሰዋል፤ ሲበረታ ግን ከተራራው ላይ ወርዶ ጋላቢውን ከነሳንቃው ይጥለዋል። እኔም ይህን ሁሉ በደብተር ጻፍሁ። በወሽመጡ በስተ ቀኝ ያለው ማዕበል የሚሰበረው በትልልቅ ድንጋዮች ላይ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ከመካከለኛው አሸዋ አይወጣም። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ካለፈም ያ ቀን የማየት ቀን ይሆናል። ሁለተኛውን ሲፈርም እጁ ትንሽ ዘገየ።

የመንገዱ ነገር ብዙ አላደከመንም። ከትሮንድሄም እስከ ቦዶ 729 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ አለ፤ ለዐይን የሚያስደስት መንገድ ነው። እኛ ግን መኪና መረጥን፤ ከውሃ የወጣ ሰው የውስጥ ሙቀቱ ለጥቂት ጊዜ መውረዱን ስለማያቆም፣ ባሕሩ ዳር አስቀድሞ የሞቀ ቤት መኖር አለበት፤ ቤታችን መኪናው ነው። ከውሃ በወጣ ቀን መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። በሳልትፍየል ተራራ ላይ በረዶና ነፋስ ሲበረታ መኪኖች የበረዶ ጠራጊውን ተከትለው በሰልፍ እንዲያልፉ ይደረጋል፤ ስለዚህ ለዚያ አንድ ቀን ጨምረናል። ከቦዶ እስከ ሞስኬነስ በመርከብ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ እርሱም ባሕሩ ከፈቀደ። ባለቤቴ ሁለት ቴርሞስ፣ ደረቅ ካልሲና አንድ ጋቢ አዘጋጅታለች። ጋቢው ለልጁ መስሎኝ ነበረ፤ ለካ አንድ ሰዓት ሙሉ ነፋስ ላይ ለሚቆመው ነው።

ባለፈው እሑድ በከተማችን አጠገብ ኮርስቪካ ወደሚባለው የፊዮርድ ዳር ሄደን ምልክቱን ሞከርነው። ማዕበል የለበትም፤ ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነው። ልጄ ልብሱን ሁሉ ለብሶ ሳንቃው ላይ ተኝቶ በእጁ እየቀዘፈ ራቀ። መቼ እንደማነሣ አልነገርሁትም። ሃያ ደቂቃ ያህል ቈይቶ፣ ገና ደስ እያለው፣ ወደ ውስጥ ዞሮ ሲቀዝፍ ሳየው ጨርቁን አነሣሁና ሰዓቴን ያዝሁ። በየመካከሉ ወደ ዳር ማየት ለምዷልና ከጥቂት ጊዜ በኋላ አየው። ሳንቃውን አዞረ፤ ሳያንገራግር መጣ፤ ከፊቴ ሲቆም አራት ደቂቃ ሆኖ ነበር። ጓንቱን አውልቆ፣ «አባዬ፣ ይህ የረጋ ውሃ ነው። እዚያ ማዕበሉን ጠብቆ፣ ጅረቱንም ዞሮ መውጣት ስላለ ዐሥር ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል» አለኝ። መኪናው ውስጥ ገብተን ወረቀቱን አወጣን፤ አንድ ሰዓት የሚለውን ሰርዞ በእጁ 50 ደቂቃ ብሎ ጻፈ።